ተሰኪ ካርዶች ያሉት የኤሌክትሮኒክ መለኪያ አሠራር



ባለፈው የትምህርት ዓመት በጥናት ክበባችን አንድ አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ስንጠግን ካጋጠመን ነገር እንነሣለን። በማጉያው መግቢያ ላይ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች በ12 ቮልት መካከል በተከታታይ ተያይዘዋል። መጋጠሚያቸው ወደ አንድ ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር ይሄዳል። እንዲህ ያለው ትራንዚስተር ከመግቢያው ፍሰት ስለማይስብ በመጋጠሚያው ላይ የ12 ግማሽ፣ ይኸውም 6 ቮልት መገኘት እንዳለበት ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። የእኛ መልቲሜትር ግን 1.7 ቮልት አለ። ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል ብለን ፈረድንበትና ነቅለን አዲስ ተከልን። አሁንም 1.7። ሌላ ለወጥን። አሁንም ያው። ሦስት ደኅና ትራንዚስተሮችና ሁለት ሌሊቶች ካለፉ በኋላ ነው ጥፋተኛው ማጉያው ሳይሆን መለኪያው መሆኑ የተገለጠልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መልቲሜትሩ በመርፌ የሚያሳይ ርካሽ መሣሪያ ሲሆን ለእያንዳንዱ ቮልት 2 ኪሎ ኦም ብቻ ያለው ነበር። በ10 ቮልት መስፈርቱ ላይ ሲሆን እንግዲህ ጠቅላላ ተቃውሞው 20 ኪሎ ኦም ነው። ይህን በታችኛው 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ስንደቅነው ሁለቱ አንድ ላይ 16.7 ኪሎ ኦም ይሆናሉ። 12 ቮልት በ100 እና በ16.7 መካከል ሲከፈል ለታችኛው የሚደርሰው 1.7 ቮልት ነው። መርፌው አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ነገር ግን ያየው እርሱ ራሱ ያበላሸውን ሰርኪት ነው። የመግቢያ ተቃውሞው 10 ሜጋ ኦም በሆነ መለኪያ ያንኑ ቦታ ብንለካ ኖሮ 5.97 ቮልት እናነብ ነበር።

ይህን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ሁላችንም ሠርተነዋል፤ በፈተናም ላይ መልሰነዋል። በጠረጴዛ ላይ ሲመጣብን ግን አላወቅነውም። ንድፈ ሐሳብና ተግባር በየፊናቸው ሲሄዱ የሚሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ነው የክበቡ አባላት የመለኪያ መሣሪያ በገዛ እጃችን እንሥራ ብለን የተነሣነው። አሁን ዲጂታል መልቲሜትር በርካሽ ይገኛልና ለምን ትደክማላችሁ የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ገንዘብ ለማዳን ብሎ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ይከስራል። የእኛ ዓላማ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደማይታመን ለማወቅ፣ ሲበላሽም ከፍተን ለመጠገን ነው።

ለምን በካርድ?

አንድ ሳጥን ሠርቶ ሁሉንም መለኪያ በውስጡ ማጨቅ ይቻላል። ጉዳቱ ግን አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም ከሥራ ውጭ መሆኑ፣ አዲስ ነገር ለመጨመርም ሳጥኑን እንደገና መብሳት ማስፈለጉ ነው። ስለዚህ ታላላቆቹ ሠሪዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ቴክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባወጣቸው ኦሲሎስኮፖች የፊተኛው ማጉያ ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ነበር። በ1960ዎቹ የኑክሊየር ላቦራቶሪዎች ኒም የተባለውን ደንብ አወጡ። በዚህም ደንብ አንድ ማቀፊያ 12 ቦታዎች ሲኖሩት ለሁሉም ካርዶች 6፣ 12 እና 24 ቮልት በፖዘቲቭም በኔጋቲቭም ያድላል። አንዱ ላቦራቶሪ የሠራው ክፍል በሌላው ማቀፊያ ውስጥ ያለምንም ችግር ይሠራል። ትርፉ እዚህ ላይ ነው፦ ሠሪዎቹ ተገናኝተው ሳይነጋገሩ አብረው መሥራት ይችላሉ። ለተማሪ ክበብ፣ አንዱ ጀምሮ ሲመረቅ ሌላው ለሚቀጥልበት፣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘንም።

እኛ የመረጥነው ዩሮካርድ የሚባለውን መጠን ነው። ካርዱ 100 ሚሊ ሜትር በ160 ሚሊ ሜትር ሲሆን ማቀፊያው በስፋት 482.6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 19 ኢንች ነው። በውስጡ 84 የስፋት ክፍልፋዮች አሉ፤ እያንዳንዱ 5.08 ሚሊ ሜትር። ለአንድ ካርድ 12 ክፍልፋይ ስንሰጥ 7 ካርዶች ይገባሉ። ማቀፊያውን አዲስ መግዛት ውድ ነው። እኛ አንድ አሮጌ የተጣለ የስልክ መሣሪያ ማቀፊያ አግኝተን አጽድተን ተጠቀምን። ያም ባይገኝ ከአሉሚኒየም ላሜራ በሴጌቶ ቆርጦ፣ በትራፓኖ በስቶ መሥራት ይቻላል። ካርዶቹ የሚንሸራተቱበት ቦይ ቀጥ ያለ ይሁን እንጂ ውበት አያስፈልገውም።

ከኋላ ያለውን መሰኪያ በሚመለከት አንድ ስሕተት ፈጽመናልና ሌላው እንዳይደግመው እንናገራለን። የዩሮካርድ ደንብ የሚያዘው ባለ 64 እግር መሰኪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው። እኛ ግን ወጪ ለመቀነስ ተራ የተደረደሩ እግሮችን ገዛን። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወንድማችን ካርዱን በአንድ እግር አሳልፎ ሰካው። ለ5 ቮልት በተዘጋጀው መሥመር 12 ቮልት ገባና ከ6 ቮልት በላይ የማይችለው የቮልት መለኪያ አይሲ ጢሱ ወጣ። ተራ መሰኪያ ለመጠቀም የሚገደድ ቢኖር ከካርዱ አንዱን እግር ይቁረጥ፤ በማቀፊያውም በኩል ያንኑ ቀዳዳ በፕላስቲክ ይድፈነው። ካርዱ ያለ ቦታው ልግባ ቢል እንቢ ይለዋል።

የኃይል ካርድ

መጀመሪያ የሚሠራው ይህ ነው፤ ሰውን ሊገድል የሚችለውም ይህ ብቻ ነው። በ220 ቮልት በኩል ያለው ሁሉ ተሸፍኖ፣ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ። ፊውዙ በቀጥታው ኃይል ተሸካሚ ሽቦ ላይ ይግባ እንጂ በመላሹ ላይ አይሁን፤ በመላሹ ላይ ከሆነ ፊውዙ ተቃጥሎም መሣሪያው ውስጥ ኃይል አለ። የስፒናው የመሬት ሽቦ በብሎንና በሮንዴላ ከብረት ሳጥኑ ጋር ይጥበቅ። በካውያ ብቻ ተበይዶ የሚቀር የመሬት ሽቦ አንቀበልም። ብየዳ ሲሞቅ ይለቃል።

ከመሥመር ኃይሉ ጋር የተያያዘ አንድ ማሳሰቢያ። በአገራችን፣ በግብፅ፣ በሊባኖስም ሆነ በዮርዳኖስ የመሥመሩ ድግግሞሽ 50 ሄርትዝ ነው። በሳውዲ ዓረቢያ ግን 60 ሄርትዝ ነው። ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ሄርትዝ ላይ ሲሰካ እምብርቱ በመግነጢስ ይጠግብና ይግላል። ተቃራኒው ግን ጉዳት የለውም። በሳውዲ የገዛውን ትራንስፎርመር ይዞ ወደ አገር ለመግባት ያሰበ ወንድም ወይም እህት ከላዩ 50/60 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከት።

ትራንስፎርመራችን ከመካከሉ የተከፈለ 15-0-15 ቮልት ነው። ከዳዮዶቹ በኋላ በእያንዳንዱ በኩል 20 ቮልት ገደማ ይገኛል። ማጠራቀሚያው 2200 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ነው። 300 ሚሊ አምፔር ሲሳብ ሞገዱ በ50 ሄርትዝ አገር 1.4 ቮልት ያህል ይሆናል፤ ለማስተካከያው አይሲ ይህ ቀላል ነው። ለፖዘቲቩ 7812፣ ለኔጋቲቩ 7912 ተጠቅመናል። እያንዳንዱ 8 ቮልት ትርፍ በ300 ሚሊ አምፔር ሲያቃጥል 2.4 ዋት ሙቀት ስለሚያወጣ የሙቀት ማብረጃ ላሜራ የግድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል! ሁለቱ አይሲዎች መንትያ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የ7812 እግሮች ከፊት ሲታዩ ከግራ ወደ ቀኝ መግቢያ፣ መሬት፣ መውጫ ናቸው። የ7912 ግን መሬት፣ መግቢያ፣ መውጫ ናቸው። ከዚህም በላይ የ7812 የብረት ጀርባ ከመሬት ጋር የተያያዘ ሲሆን የ7912 ጀርባ ከመግቢያው ጋር ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ማብረጃ ላይ ያለ ሚካ ያሰረ ሰው ያልተስተካከለውን ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ከመሬት ጋር በቀጥታ አገናኘ ማለት ነው። በክበባችን ይህን ያላደረገ የለም ለማለት ይቻላል።

ለ5 ቮልቱ የተለየ የ9 ቮልት ጥቅልልና 7805 አለው፤ ከላይ ከተባለው የሚጨመር ነገር የለውም።

የቮልት መለኪያ ካርድ

ከሁሉ ይልቅ የተማርነው ከዚህ ካርድ ነው። ልቡ አይ ሲ ኤል 7107 የሚባል አይሲ ሲሆን ሦስት ሙሉ አኃዞችና ከፊታቸው አንድ የሚል ግማሽ አኃዝ በብርሃን ያሳያል። መሠረታዊ መስፈርቱ 200 ሚሊ ቮልት ነው፤ ማለትም እስከ 199.9 ይቆጥራል።

ዘዴው ሁለት ተዳፋት የሚባለው ነው። በመጀመሪያ የማናውቀው ቮልቴጅ አንድን ካፓሲተር ለተወሰነ ጊዜ፣ ለ1000 ቆጠራ ያህል ይሞላዋል። ቀጥሎ የታወቀ ማመሳከሪያ ቮልቴጅ ያንኑ ካፓሲተር በተቃራኒው ባዶ እስኪሆን ያፈሰዋል፤ ለማፍሰስ ስንት ቆጠራ እንደፈጀ ይቆጠራል። ማመሳከሪያው 100 ሚሊ ቮልት ከሆነና ማፍሰሱ 1500 ቆጠራ ከፈጀ የማናውቀው 150 ሚሊ ቮልት ነበር ማለት ነው።

የዚህ ዘዴ ብልኃት በገበያ ምሳሌ ይገባል። አንድ ነጋዴ ቁናው ትክክል ይሁን አይሁን አናውቅም። ነገር ግን በዚያው ቁና የእኛን ጤፍ ሰፍሮ፣ በዚያው ቁና ክብደቱ የታወቀ ጤፍ ቢሰፍርልን የሁለቱን ንጽጽር በትክክል እናውቃለን፤ ቁናው ቢሰፋም ቢጠብም ለውጥ የለውም። እዚህም እንዲሁ ነው። የካፓሲተሩ መጠን፣ የሬዚስተሩ መጠን፣ የቆጣሪው ሰዓት ፍጥነት ከሒሳቡ ውስጥ ይሰረዛሉ። የሚቀረው ማመሳከሪያው ብቻ ነው። ገንዘብና ጥንቃቄ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ይሁንና ቁናው እህል የሚያስቀር ከሆነ ምሳሌው ይፈርሳል። ካፓሲተሩ ከተፈሰሰ በኋላ ከሞላው ላይ ጥቂት በውስጡ የሚያስቀር ዓይነት ሲሆን ንባቡ ይዛባል። እኛ መጀመሪያ በእጃችን ያለውን ሴራሚክ አስገብተን ከትክክለኛው የራቀ ቁጥር አገኘን። በፖሊፕሮፒሊን ስንለውጠው ተስተካከለ። መጠኑ 0.22 ማይክሮ ፋራድ ነው፤ አብሮት የሚሄደው ሬዚስተር 47 ኪሎ ኦም።

የሰዓቱ ፍጥነት ከሒሳቡ ይሰረዛል ብለናል፤ ሆኖም ለሌላ ምክንያት ልንመርጠው ይገባል። በክፍሉ ውስጥ ያለው የመብራት መሥመር በሽቦዎቻችን ላይ የራሱን ሞገድ ይጭናል። የመሙያው ጊዜ የዚህን ሞገድ ሙሉ ዙሮች ከያዘ የላይኛው ግማሽና የታችኛው ግማሽ ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። ሰዓቱ 40 ኪሎ ሄርትዝ ሲሆን የመሙያው ጊዜ 100 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የ50 ሄርትዝ 5 ሙሉ ዙር፣ የ60 ሄርትዝ ደግሞ 6 ሙሉ ዙር ይገባል። ስለዚህ ይህ መለኪያ በካይሮም፣ በሪያድም፣ በአዲስ አበባም ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። በሰከንድ ሁለት ጊዜ ተኩል አዲስ ቁጥር ያሳያል።

ለብዙ ሳምንታት ያስቸገረን ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። መለኪያው ቁጥሩን በአንድ ቦታ አያጸናም፤ ደግሞም የሚዘለው እንደ ሚታየው አኃዝ ዓይነት ነው። 111 አካባቢ ሲሆን ረጋ ይላል፤ 88 አካባቢ ሲደርስ ይዘላል። ጥንቆላ መሰለን። ምሥጢሩ በመሬት መሥመሩ ነው። እያንዳንዱ የአኃዝ መስመር ሲበራ 8 ሚሊ አምፔር ያህል ይስባል። አንድ የሚለው አኃዝ ሁለት መስመር፣ ስምንት የሚለው ሰባት መስመር አለው። ሦስት ባለ አንድ አኃዝ 48 ሚሊ አምፔር ሲስቡ ሦስት ስምንቶች 168 ይስባሉ። ልዩነቱ 120 ሚሊ አምፔር ነው። ይህ ፍሰት የሚመለስበት የመዳብ መሥመር 10 ሚሊ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው እንኳ 1.2 ሚሊ ቮልት ይፈጥራል። በ200 ሚሊ ቮልት መስፈርት ላይ ይህ የ12 አኃዝ ስሕተት ነው። እኛም የመለኪያውን መሬትና የመብራቱን መሬት በአንድ ቀጭን መሥመር አሳልፈናቸው ነበር።

መፍትሔው ሁለት የመሬት መሥመሮችን ከማቀፊያው እስከ ኃይል ካርዱ ድረስ ለየብቻ መውሰድና በአንድ ነጥብ ብቻ ማገናኘት ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን የመዳብ መሥመር በቢላ ቆርጠን አንድ ወፍራም ሽቦ በየድነው። ቁጥሩ ቆመ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ አንባቢ አንዱን ብቻ ቢይዝ ይህን እንዲይዝ እንመክራለን፤ በሥዕል ላይ መሬት አንድ ምልክት ነው፣ በሥራ ላይ ግን ተቃውሞ ያለው ሽቦ ነው።

ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለመሄድ ጠቅላላቸው 10 ሜጋ ኦም የሆነ የሬዚስተሮች ሰንሰለት ከፊት ይደረጋል፤ 9 ሜጋ፣ 900 ኪሎ፣ 90 ኪሎና 10 ኪሎ ኦም። በየመጋጠሚያው አንድ አሥረኛ፣ አንድ መቶኛ፣ አንድ ሺኛ ይገኛል። የሺኛው መጋጠሚያ ለ200 ቮልት መስፈርት ነው። በዚህ ካርድ የቤት መሥመር ኃይል ለመለካት የሚሞክር ግን አይኑር። በመሥመር ላይ ድንገተኛ የሺህ ቮልት ሞገድ ሊመጣ ይችላል፤ ፋብሪካ የሚሠራቸው መለኪያዎች ለዚህ የተለየ ፊውዝና በውስጣቸው ሰፊ ክፍተት አላቸው፤ የእኛ ካርድ የለውም። ለዚያ ሥራ የተፈተነ መሣሪያ ይገዛል።

ማስተካከል

ማመሳከሪያውን በምን እናስተካክል? የቮልት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የጆሴፍሰን ክሥተት በሚባለው የኳንተም ሕግ የተያዘ ነው፤ እኛ ግን እጃችን እዚያ አይደርስም። በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ያለ በቅርቡ የተመሳከረ መለኪያ ማስፈቀድና ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን አንድ ደረቅ ባትሪ መለካት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ማንም እርዳታ የሚደረጉ ሦስት ፈተናዎች አሉ። የመለኪያውን ሁለት ሽቦዎች አገናኝቶ ዜሮ መሆኑን ማየት። ሽቦዎቹን ቦታ አለዋውጦ ከምልክቱ በቀር ቁጥሩ ያው መሆኑን ማየት። በመጨረሻም አራት ሬዚስተሮችን በተከታታይ አያይዞ የእያንዳንዱን ቮልቴጅ በዚያው መስፈርት መለካትና ድምራቸው ከጠቅላላው ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ። ሬዚስተሮቹ እኩል መሆናቸው አያስፈልግም። በመጨረሻው አኃዝ ላይ ሁለት ሦስት ቁጥር መዛነፍ ያለ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መለኪያው ቀጥ ብሎ አይሄድም ማለት ነው።

ሌሎቹ ካርዶች

ሞገድ አመንጪው ካርድ በዊን ድልድይ የተሠራ ነው። ድግግሞሹን የሚወስኑት ሁለት እኩል ሬዚስተሮችና ሁለት እኩል ካፓሲተሮች ናቸው፤ 10 ኪሎ ኦምና 15 ናኖ ፋራድ ሲሆኑ 1061 ሄርትዝ ይወጣል። አስቸጋሪው ማጉያው በትክክል ሦስት እጥፍ ማጉላት ያለበት መሆኑ ነው፤ ጥቂት ካነሰ ሞገዱ ይሞታል፣ ጥቂት ከበለጠ ጫፉ ይቆረጣል። ቢል ሂውሌት ለዚህ የተጠቀመበት ነገር አንዲት ትንሽ አምፖል ናት። ሞገዱ ሲያይል የአምፖሏ ክር ይሞቃል፣ ተቃውሞው ያድጋል፣ ማጉላቱም ይቀንሳል። ሂውሌትና ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1939 ኩባንያቸውን የጀመሩት በዚህ መሣሪያ ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ለፋንታሲያ ፊልም የድምፅ ሥራ ስምንት ያህል የወሰደው የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ነበር። እኛም አምፖል ተጠቅመን ሠርቶልናል።

የካፓሲተር መለኪያው 555 የሚባለውን አይሲ ይጠቀማል። አንድ ጊዜ ሲነካ የሚቆይበት ጊዜ የሬዚስተሩና የካፓሲተሩ ብዜት 1.1 እጥፍ ነው። ሬዚስተሩ 909 ኪሎ ኦም ቢሆን 1 ማይክሮ ፋራድ 1 ሰከንድ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የ1 ኪሎ ሄርትዝ ሰዓት ብንቆጥር እያንዳንዱ ቆጠራ 1 ናኖ ፋራድ ነው። የሚለካው ካፓሲተር ከመሰካቱ በፊት ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ።

አንዳንድ አባላት ይህን ሁሉ በአንድ አርዱዊኖ መተካት ይቻላል ይላሉ። ለመቆጠሪያና ለመመዝገቢያ ጥሩ ነው፤ ወደፊት አንድ ካርድ እንሰጠዋለን። ነገር ግን በተለመደው አርዱዊኖ ላይ ያለው መለኪያ 5 ቮልትን ለ1024 ስለሚከፍል አንድ እርምጃው 4.9 ሚሊ ቮልት ነው። የ7107 እርምጃ 0.1 ሚሊ ቮልት ነው። አዲስ መሆን ብቻውን ብልጫ አይሆንም።

ዕቃዎቹን በካይሮ ያሉ ተማሪዎች በባብ ኤል ሉቅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሊያገኙ ይችላሉ። አይሲ ሲገዙ ግን ሁለት መግዛት ይበጃል፤ አንዱ መቃጠሉ አይቀርም።

በእያንዳንዱ ካርድ ጎን አንድ ወረቀት ለጥፈናል። በላዩ ካርዱን ማን እንደሠራው፣ መቼና ከምን ጋር እንደተመሳከረ፣ ምን ጉድለት እንዳለበት በእርሳስ ይጻፋል። ባሁኑ ጊዜ ከሰባቱ ቦታዎች አራቱ ተይዘዋል። አምስተኛው፣ የሙቀት መለኪያው፣ ግማሽ ላይ ነው፤ የጀመረው ወንድማችን ተመርቆ ሄዷል። ወረቀቱ ላይ የተወልን “ማጉያው ይሠራል፤ ዜሮው ከሰዓት በኋላ ይንሸራተታል፤ ምክንያቱን አላገኘሁም” የሚል ነው። ካርዱ በክበቡ ክፍል በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሊቀጥለው የሚሻ ሁሉ ቁልፉን ከጸሐፊው መውሰድ ይችላል።